ከንቲባ የሌላት ሲልቨር ስፕሪንግ እና ምርጫ የራቀው ወረዳችን

ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም። የከተማ ምክር ቤትም፣ ማዘጋጃ ቤትም፣ የራሷ ፖሊስም የላትም። ይሄንን ለሰው ስናገር ግማሹ አያምነኝም፣ አይፈረድበትም፣ ዲሲ ዙሪያ ለሚኖር ሐበሻ ሲልቨር ስፕሪንግ ማለት ትልቅ ከተማ ናት፣ ጆርጂያ አቬኑና ፌንተን ስትሪት ላይ አንዱን የአማርኛ ታፔላ አንብበህ ሳትጨርስ ሌላው ይቀጥላል፣ እንጀራው፣ ቡናው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ታክስ የሚሰራልህ ሰውዬ፣ ሁሉም እዛው ነው። በህግ ግን ከተማ አይደለችም፣ ስም ያላት ሰፈር ናት በቃ። የሚያስተዳድራት ሜሪላንድ ስቴት ውስጥ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሚባለው ነው፣ ዋና ቢሮውም ሮክቪል ነው ያለው፣ ብዙዎቻችን ወደዛ የምንሄደው ፍርድ ቤት ስንጠራ ወይ ጋብቻ ስናስመዘግብ ብቻ ነው።

ይሄንን ያነሳሁት አንድ ነገር ስለሚከነክነኝ ነው። አራት ኪሎ ማን ተሾመ ማን ተነሳ የሚለውን ወሬው ሳይቀዘቅዝ እንሰማለን፣ የዋይት ሀውሱንም እንደዛው፣ ልጆቻችንን የሚያስተምርልንን፣ በረዶውን የሚጠርግልንን፣ ሬስቶራንታችንን የሚዘጋና የሚከፍተውን፣ የቤታችንን ታክስ የሚቆርጥብንን ካውንቲ ግን ማን እንደሚመራው አናውቅም። እዚህ አገር ኑሯችንን በየቀኑ የሚነካው መንግስት እሱ ሆኖ ሳለ። ከአገር ቤቱ ቀበሌና ወረዳ ጋር ሳስተያየው ደሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፣ ወደሱ እመጣለሁ። (የዚህን አገር ዓመት በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ የአገር ቤቱን ዓ.ም. እያልኩ፣ እንዳይምታታ።)

መጀመሪያ ካውንቲውን በጨረፍታ። የተመሰረተው በሴፕቴምበር 1776 ነው፣ አሜሪካ ነፃነቷን ባወጀች በሁለት ወሯ፣ ከፍሬድሪክ ካውንቲ ተቆርሶ። ስሙ የሪቻርድ ሞንትጎመሪ ነው፣ ኩቤክ ላይ በ1775 የመጨረሻ ቀን የሞተ ጄኔራል፣ ይሄን መሬት ረግጦት እንኳ አያውቅም ይባላል። በስፋት ከሁለት አዲስ አበባ በላይ ይሆናል፣ በ2020 ቆጠራ 1,062,061 ሰው ተቆጥሮበታል፣ ከሜሪላንድ ካውንቲዎች በህዝብ ብዛት የሚበልጠው የለም። ሮክቪል፣ ጌይተርስበርግ፣ ታኮማ ፓርክ ውስጡ ያሉ የራሳቸው ከንቲባ ያላቸው ከተሞች ናቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ቤተስዳ፣ ጀርመንታውን ግን ቀጥታ በካውንቲው ስር ናቸው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ብትነዳ ደሞ በድንገት ሌላ አገር የገባህ ይመስልሃል፣ በቆሎ፣ ፈረስ፣ ድርቆሽ። ከ1980 ጀምሮ 93,000 ኤከር መሬት፣ የካውንቲው ሲሶ ማለት ነው፣ ለእርሻ ተብሎ ተከልሏል፣ ሪል ስቴት እንደፈለገ አይገባበትም። ዋሽንግተን አፍንጫ ስር ያለ መሬት ዋጋው ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይሄ ክልከላ አርባ ዓመት አልፎ መቆየቱ ቀላል እንዳልሆነ ይገባዋል።

አሁን ካውንቲው በቀን ውሎህ ውስጥ የት የት እንዳለ ልንገርህ። ጠዋት ልጅህን የሚወስደው ቢጫ አውቶብስ የካውንቲው ትምህርት ስርዓት ነው፣ ወደ 160,000 ተማሪ ያለው፣ ለወላጅ የሚልከውን ወረቀት በአማርኛ ጭምር የሚልክ። አንተ የምትሳፈርበት ራይድ ኦን ባስ የካውንቲው ነው፣ ከ1975 ጀምሮ ይሰራል፣ ከጁን 2025 መጨረሻ ወዲህ ደሞ ጭራሽ ሂሳብ መቀበል አቁሟል፣ ነፃ ነው። 911 ስትደውል የሚመጣው ፖሊስ፣ እሳት አደጋና አምቡላንስ የሱ ነው። አከራይህ ኪራይ ሲጨምርብህ ከስንት በላይ መጨመር እንደማይችል የሚወስነውም እሱ ነው፣ ከ2024 ወዲህ ህጉ የሚመለከታቸው ቤቶች ላይ ጭማሪው በዓመት ከ6 በመቶ ማለፍ አይችልም፣ አንዳንድ ዓመት እንደ ኑሮ ውድነቱ ከዛም ዝቅ ይላል። ይሄንን ህግ የማያውቅ ስንት ሐበሻ አለ መሰለህ፣ አከራዩ የላከለትን ቁጥር አይቶ ሻንጣውን የሚሸክፍ።

አስቂኙ መጠጡ ነው። ውስኪ፣ ቮድካ፣ ጂን መግዛት የፈለገ ሰው በዚህ ካውንቲ የግል ሱቅ ገብቶ አያገኝም፣ ሻጩ ራሱ መንግስት ነው። የአሜሪካ የአልኮል ክልከላ በ1933 ሲነሳ ካውንቲው መጠጥ መሸጡን ለራሱ ያዘው፣ እስካሁንም አልለቀቀም። ቢራና ወይን የግል ሱቆች መቸርቸር ይችላሉ፣ ጅምላው ግን በካውንቲው በኩል ነው። ስለዚህ ሬስቶራንት ያላት እህታችን ለቅዳሜ ማታ የምትሸጠው ቢራ፣ ከአገር ቤት የመጣው ሳይቀር፣ ጌይተርስበርግ ካለው የካውንቲው መጋዘን ነው የሚመጣላት። አንድ ጊዜ ከአንዷ ጋር ቁጭ ብዬ ኦርደር ስትሰራ አይቻለሁ፣ የምትፈልገው ቢራ ስቶክ ውስጥ የለም፣ ድልድዩን ተሻግራ ቨርጂኒያ ብትሄድ በርካሽ ታገኘዋለች፣ ግን ከዛ ገዝታ እዚህ ብትሸጥ ፈቃዷ አደጋ ላይ ነው። «ኧረ ደርግ ነው እንዴ እዚህ የመጣው» አለችኝ። ነፃ ገበያ ነፃ ገበያ እያለ ለሌላው ዓለም በሚሰብክ አገር መሀል የመንግስት የመጠጥ ሱቅ፣ ሻጩ የመንግስት ሰራተኛ፣ ጡረታና ኢንሹራንስ ያለው። ትርፉ ግን ወደ ካውንቲው ካዝና ነው የሚገባው፣ ለዛ ነው ማንም ፖለቲከኛ እንቢ ብሎ የማያፈርሰው፣ ሊያፈርሰው ሲል የሚጎድለውን ገንዘብ ከየት ልታመጣ ነው ይሉታል።

አስተዳደሩ እንዲህ ነው። ካውንቲው ራሱን በራሱ የሚያስተዳድርበትን ቻርተር ያፀደቀው በ1948 ነው፣ ከሜሪላንድ ካውንቲዎች ቀዳሚው ሆኖ። ካውንቲ ኤግዘኪዩቲቭ የሚባለውን ዋና ሰው በቀጥታ መምረጥ የጀመሩት ደሞ በ1970 ነው። ከ2018 ጀምሮ ወንበሩ ላይ የቆየው ማርክ ኤልሪች ነው፣ ከሱ በፊት ለ12 ዓመት አይክ ሌጌት ነበር፣ በካውንቲው ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ኤግዘኪዩቲቭ። ህግ የሚያወጣውና በጀት የሚያፀድቀው ካውንስል 11 አባል አለው፣ 7ቱ ከየዲስትሪክታቸው 4ቱ ከመላው ካውንቲ የሚመረጡ፣ ድሮ 9 ነበሩ፣ በ2020 ህዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ነው ወደ 11 ያሳደጋቸው። ሸሪፉ፣ አቃቤ ህጉ፣ የትምህርት ቦርዱም ለየብቻ በምርጫ ነው። የትምህርት ቦርዱ ላይ አንድ የተማሪ ወንበር አለ፣ ተማሪዎች የሚመርጡት፣ ድምፅ የሚሰጥ፣ እና ያ ልጅ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር በጀት ላይ እጁን ያወጣል። የእኛ ሰፈር አባቶች ይሄን ስነግራቸው «ልጅ ያቦካው» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ትልልቆቹም እንደዛው ሲያቦኩ አይቻለሁ፣ ቢያንስ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል።

የዓመቱ በጀት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፣ ወደ ግማሹ ትምህርት ቤት ላይ ይውላል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ካልክ፣ አንዱ የገቢ ግብር ነው፣ ከፔይቼክህ ላይ ለፌዴራልና ለስቴት ከሚቆረጠው ሌላ ካውንቲው ለራሱ ለዓመታት 3.2 በመቶ ሲወስድ ኖሯል። ሌላው የቤት ታክስ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ እኛ ቤት ስንገዛ ታክሱን የሚከፍልልን ባንኩ ነው፣ በየወሩ ከሞርጌጁ ጋር ቀላቅሎ ይወስድና በጊዜው ለካውንቲው ይልካል፣ ስለዚህ በጁላይ የሚመጣውን ወረቀት ከፍተን አናየውም። አንዴ ክፈተውና እየው። ለስቴቱ ስንት፣ ለካውንቲው ስንት፣ ለቆሻሻ ስንት፣ ከጣሪያህና ከመኪና ማቆሚያህ ላይ ለሚወርደው የዝናብ ውሃ ሳይቀር ስንት፣ በየመስመሩ ተዘርዝሯል። ዝናብ ላይ ግብር! ብለህ ትስቃለህ፣ ግን ቢያንስ ለምን እንደከፈልክ ተፅፎልሃል፣ የት ሄደ ብለህ የምትጠይቅበት መስመር አለህ።

በ2023 ኤልሪች ለትምህርት ቤቶች ገንዘብ ያስፈልጋል ብሎ የቤት ታክሱ 10 በመቶ ይጨመር አለ። ከዛ ያው እንደተለመደው ስብሰባ ተጠራ፣ ጡረተኛው መጣ፣ አስተማሪው መጣ፣ የነጋዴው ማህበር መጣ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሶስት ደቂቃ እየተሰጠው ማይክ ፊት እየቆመ ጨመሩም አትጨምሩም አለ፣ ሰዓት ቆጣሪው ቀይ ሲበራ አመሰግናለሁ ብሎ ይወርዳል። በመጨረሻ ካውንስሉ 10ሩን ወደ 4.7 አወረደው። የራሳቸው ፓርቲ ሰው ነው እኮ ያቀረበው፣ ካውንስሉም ኤግዘኪዩቲቩም ሁሉም ዴሞክራት ናቸው፣ ግን ቆረጡበት። በዛው ሰሞን፣ በ2015 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባም የጣሪያና ግድግዳ ግብር ተተኩሶ ነበር፣ እናቴን ደውዬ ስጠይቃት ነገሩን የሰማችው ሊከፍሉ ሄደው ከተመለሱ ጎረቤቶች ነው። ነዋሪው ማይክ ይዞ ይሄ ይበዛብኛል ያለበትን መድረክ ግን እኔ አላየሁም። ግብሩ መጨመሩ ላይ ክርክር የለኝም፣ ተመኑ አርጅቶ ነበር፣ ከተማም በነፃ አትሰራም። የምለው ስለ አካሄዱ ነው።

እንግዲህ ወደ አገር ቤት ከመጣን። ጎንደር ከ2012 ጀምሮ የሞንትጎመሪ ካውንቲ እህት ከተማ እንደሆነች ታውቃለህ? በሌጌት ጊዜ ነው። ፋሲል ጎንደርን የመሰረታት በፈረንጅ 1636 ነው የሚባለው፣ እህቷ ካውንቲ ከተወለደችበት ከ140 ዓመት በፊት ማለት ነው፣ በእድሜ ከሆነ ታላቅዬዋ እኛ ነን። ታናሽዬዋ ግን የራሷን ግብር ሰብስባ የራሷን አለቃ ትሽራለች።

እኛ ጋ ቀበሌ የመጣው በ1967 ዓ.ም. ነው፣ ደርግ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ የከተማ ነዋሪዎች ማህበር ብሎ ያደራጀው። ሐሳቡ ሲጀመር ህዝቡ ራሱን እንዲያስተዳድር ነበር፣ ወዲያው ግን ስኳር የሚታደልበት፣ አብዮት ጥበቃ የሚወጣበት፣ ማታ ሰው የሚጠራበት ሆነ። ያንን ዘመን ያየ ሰው አሁንም ቀበሌ ሲባል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አዲስ አበባ ላይ መዋቅሩ ተቀይሮ ወረዳ ከተባለ ቆየ፣ 11 ክፍለ ከተማ ስር ያሉ ወረዳዎች፣ ሰው ግን አፉ ላይ ቀበሌ ነው። ያለሱ ደሞ ምንም አይሆንም። መታወቂያ ከሱ፣ ልደት ከሱ፣ ያላገባ ማስረጃ ከሱ፣ ሰፈር ስትቀይር መሸኛ ከሱ። ካውንቲው እኔን አያውቀኝም፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቼ ጀርመንታውን ብገባ መሸኛ አምጣ የሚለኝ የለም፣ መንጃ ፈቃድ ላይ አድራሻ መቀየር ነው፣ እሱም የስቴቱ ስራ ነው። ቀበሌ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚኖር፣ የትኛው ቤት ውስጥ ስንት ደባል እንዳለ ያውቃል።

እውነቱን ለመናገር ይሄ ማወቁ ሁሌ ክፉ አይደለም። እዚህ አንድ አዛውንት አፓርታማቸው ውስጥ ቢሞቱ ጎረቤት የሚያውቀው ሽታው ነው፣ ይቅር ይበለን። እዛ ሶስት ቀን ካልታዩ የሚያንኳኳ አለ። ግን የሚያንኳኳው ወረዳው ሳይሆን ዕድሩ ነው፣ ሁለቱን እያቀላቀልን ለወረዳው የማይገባውን ምስጋና እንሰጠዋለን።

ባለፈው አገር ቤት ስሄድ ለውክልና ጉዳይ አንድ ወረዳ ገብቼ ነበር። ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፏል፣ ለየትኛው አገልግሎት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ምን እንደሚያስፈልግ፣ ቅሬታ ካለ የት እንደሚባል፣ በሰንጠረዥ፣ በጣም የሚያምር። የኔ ጉዳይ 15 ደቂቃ ይላል። ሰንጠረዡን ቆሜ እያነበብኩ ጠዋቱ አለቀ። ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ከሰዓት ይመለሱ፣ ከሰዓት ደሞ ፋይሉ አይገኝም። ልጅቷ ትሁት ናት፣ ደመወዟን ስትነግረኝ እኔ ነኝ ያፈርኩት። አሁን አሁን መሶብ በሚባለው የአንድ ማዕከል ቦታ ነገሩ ተሻሽሏል ይሉኛል ወዳጆቼ፣ በሚያምር ህንፃ ቶሎ ይሰራል ይላሉ፣ ደስ ይላል። እዚህም ቢሆን ገነት ነው እያልኩ አይደለም፣ አንድ ቢሮ ለቤት እድሳት ፈቃድ ስል ስንት ጊዜ ኦንላይን ፎርሙን እንደመለሰብኝ፣ በስልክ ሙዚቃ እያሰማ እንዴት እንዳቆመኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የቢሮ ሰው የትም የቢሮ ሰው ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ልዩነቱ ገንዘቡና ምርጫው ላይ ነው። ህገ መንግስታችን አንቀፅ 50 ንዑስ 4 ላይ፣ ህዝቡ በቀጥታ መሳተፍ እንዲችል ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ስልጣን ይሰጣል ይላል። ቆንጆ ነው፣ ከማንም አገር ህግ አያንስም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ደሞ ገንዘቡም ወደ ወረዳ ይውረድ ተብሎ ክልሎች ለወረዳዎቻቸው በጀት በጥቅል መስጠት ጀመሩ። ግን ወረዳ ሄደህ ፋይናንሱን ብትጠይቀው የሚነግርህ አንድ ነው፣ ከላይ የሚወርደው ብር አብዛኛው ደመወዝ ነው፣ አስተማሪው፣ ጤና ኤክስቴንሽኗ፣ የግብርና ባለሙያው ከተከፈሉ ለድልድይ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ ወረዳው የሚያየው ወደ ላይ ነው፣ የሚሾመው ከላይ፣ የሚከፍለው ከላይ፣ የሚገመግመውም ከላይ። ነዋሪው ቢያጨበጭብም ቢያለቅስም ለሊቀመንበሩ ወንበር ለውጥ የለውም።

ምርጫውስ? የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በ2005 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 ዓ.ም. አገር አቀፍ ምርጫ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤት መረጡ፣ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ግን በዛ ውስጥ አልነበረም። በ2005 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ትምህርቱን ጨርሶ ወጣ፣ ወረዳውን መርጦ የሚያውቅ ሰው ግን አጠገቡ ብዙ የለም። ለፓርላማው ምርጫ ስንጣላ፣ ስንታሰር፣ ስንሰደድ ኖረን የወረዳው መራዘም ሲነገር ማንም አልጮኸም። ለኔ ከሁሉ የሚያሳዝነው እሱ ነው፣ እንደማይረባ ነገር አየነው።

መንገድና ባቡር ላይ ደሞ ሁለቱም አገር ያበሳጨኛል፣ በተለያየ መንገድ። እዚህ ፐርፕል ላይን የሚባል ባቡር አለ፣ ከቤተስዳ በሲልቨር ስፕሪንግ አድርጎ ኒው ካሮልተን የሚደርስ፣ 16 ማይል፣ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ። የስቴቱ ፕሮጀክት ነው። ከመቆፈሩ በፊት ለዓመታት ስብሰባ፣ ጥናት፣ አስተያየት፣ ከዛ ባቡሩ በሰፈራችን አያልፍም ያሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ወሰዱት፣ በ2017 ግንባታው ተጀመረ፣ በ2020 ዋናው ኮንትራክተር ጥሎ ወጣ፣ በ2022 ያልቃል የተባለው ወደ 2027 መጨረሻ ተገፋ። ቦኒፋንት ስትሪት ላይ ያሉ ትናንሽ ሱቆች በዛ ሁሉ ዓመት አጥርና አቧራ ፊታቸው ተገትሮ ደንበኛቸው ሲሸሽ ከረሙ። አዲስ አበባ ግን 34 ኪሎ ሜትር የከተማ ባቡር በአራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሰርታ መስከረም 2008 ዓ.ም. ላይ አስመርቃለች። በፍጥነት ከሆነ እኛ አሸንፈናል። ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ እንጂ።

የኮሪደር ልማቱም እንደዛው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ነዋሪው ዕቃውን ለማውጣት ይሮጥ ነበር፣ ዛሬ ስትሄድ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ ሳይክል መሄጃ ታያለህ፣ ያምራል፣ አያምርም የሚል ይዋሻል። ግን አርባና ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ሰዎች ሶስት ደቂቃ ማይክ ቢሰጣቸው ምን ይሉ ነበር? ምናልባት ትንሽ ይዘገይ ነበር። እኔ በፐርፕል ላይን መዘግየት እየተናደድኩም ቢሆን ካለመጠየቅ መዘግየቱን እመርጣለሁ፣ የቦኒፋንት ባለሱቅ ግን በዚህ ላይስማማ ይችላል፣ መብቱ ነው።

ሌብነትስ እዚህ የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ እንጂ። የዚሁ ካውንቲ የኢኮኖሚ ልማት መስሪያ ቤት ውስጥ የነበረ አንድ ኃላፊ በዓመታት ውስጥ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ በስም አመሳስሎ ባቋቋመው ድርጅት በኩል ወስዶ ቁማር ተጫወተበት። እዛው ቢሮ ውስጥ ስንት ፈራሚ እያለ ያየው የለም፣ የነቁት የፌዴራል ግብር ሰዎች ናቸው። 4 ዓመት ተፈረደበት። ዋናው ነገር ከዛ በኋላ የወጣው ነው፣ ሪፖርቱ በአደባባይ ታተመ፣ ካውንስሉ ፊት ጥያቄ ተጠየቀ፣ ጋዜጣው በላያቸው ላይ ከረመ። የካውንቲ ሰራተኛ ደመወዝም እኮ ኢንተርኔት ላይ ተለጥፏል፣ ከፖሊስ አዛዡ እስከ መጠጥ ሻጩ፣ ስራውንና ክፍያውን ማንም ገብቶ ያያል። የወረዳ ኃላፊ ደመወዝ ምናልባት ሚስጥር አይደለም፣ ግን ወረዳው ለአንድ ስብሰባ አዳራሽና ምሳ ስንት እንዳወጣ ጠይቀህ መልስ ያገኘህ ካለህ ንገረኝ።

አሁን ወደ እኛው። በ2018 የዴሞክራቶች ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩውን የሚመርጥበት ምርጫ) ላይ ከ100,000 በላይ ሰው ድምፅ ሰጥቶ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፈው በ77 ድምፅ ነው። በ2022 እንደገና እነዛው ሁለቱ ገጠሙ፣ እንደገና ተቆጠረ፣ በ32 ድምፅ አሸነፈ። 32! የ7 ቢሊዮን ዶላር ካውንቲ። እሁድ ጠዋት አንድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ አውልቆ የሚገባው ሰው ከዛ ይበልጣል፣ የአንድ ዕድር ኮሚቴና ዘመዱ ከዛ ይበልጣል፣ ዓርብ ጁምዓ ላይ አንዱ ሰልፍ ከዛ ይበልጣል። ሁለቱ ሰዎች ደሞ አንድ አልነበሩም፣ አንዱ ለተከራይ የሚያደላ የቀድሞ አስተማሪ፣ ሌላው ሚሊየነር ነጋዴ፣ በቤት፣ በግንባታ፣ በታክስ የሚሉት ይለያይ ነበር። የትኛው ይሻል ነበር የሚለውን ለራስህ ተወው፣ ሬስቶራንት ያላቸው ወዳጆቼና ተከራይ ወዳጆቼ በዚህ አይስማሙም።

ለምን አንሄድም ካልክ፣ አንዱ ምክንያት ጊዜው ነው። የካውንቲ ምርጫ ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ጋር አይገጥምም፣ በመሀል ነው የሚመጣው፣ 2018፣ 2022፣ 2026 እያለ። ያኔ ቴሌቪዥኑ አይጮህም። ሁለተኛው፣ እዚህ ካውንቲ ሪፐብሊካን በኖቬምበር ስለማያሸንፍ ወሳኙ ፕራይመሪው ነው፣ እሱ ደሞ በክረምት መግቢያ በጁን ነው፣ በዛ ላይ ዝግ ነው፣ በዴሞክራትነት ካልተመዘገብክ የዴሞክራቶቹን ፕራይመሪ መምረጥ አትችልም። ብዙ ሐበሻ ዜግነት ሲወስድ ፓርቲ የሚለው ሳጥን ላይ ሲደርስ ይደነግጣል፣ ፓርቲ ሲባል የኢሠፓና የኢህአዴግ አባልነት ትዝ ይለዋል መሰለኝ፣ ምንም ውስጥ አልገባም ብሎ የለሁበትም የሚለውን ይመርጣል። ከዛ ኖቬምበር ላይ በክብር ተሰልፎ ጁን ላይ ያለቀ ነገር ላይ ድምፅ ይሰጣል። የፓርቲ ምዝገባ እዚህ ግምገማ የለውም፣ መዋጮ የለውም፣ ካርድ ተሸከም የሚልህ የለም፣ በማንኛውም ሰዓት ኦንላይን ትቀይረዋለህ፣ ከፕራይመሪው በፊት ያለችውን ቀነ ገደብ ብቻ ጠብቅ። ኤልሪች ለሶስተኛ ጊዜ መወዳደር አይችልም፣ በ2024 መራጩ የኤግዘኪዩቲቩን ዘመን በሁለት ገድቦታል፣ ስለዚህ በ2026 ወንበሩ ባዶ ሆኖ ነው የሚቀርበው።

ዜግነት ገና ላላገኛችሁ ደሞ አንድ ነገር። የካውንቲውን ምርጫ መምረጥ አትችሉም፣ ታኮማ ፓርክ ከተማ ውስጥ የምትኖሩ ከሆነ ግን የከተማውን ከንቲባና ካውንስል መምረጥ ትችላላችሁ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዛ ዜግነት አይጠየቅም። እድሜውም 16 ነው፣ በ2013 ነው ያወረዱት፣ ስለዚህ ሃይስኩል ያለችው ልጃችሁም ትችላለች። ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ ደሞ ድንበራቸው ግራ ያጋባል፣ ፖስታው ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ተብሎ የሚፃፍለት ቤት ታኮማ ፓርክ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ተቃራኒውም አለ፣ አድራሻችሁን አስገብታችሁ አረጋግጡ። ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመዘገበው በስቴቱ በኩል ሳይሆን ቀጥታ ከተማው ጽህፈት ቤት ነው፣ ይሄን አደራ እንዳታቀላቅሉት፣ ዜጋ ሳይሆኑ የስቴቱ ፎርም ላይ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም የኢሚግሬሽን ፋይል ያበላሻል። የከተማውን ፎርም ሞልታችሁ፣ እዛ መኖራችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፣ ምርጫው ኖቬምበር ላይ ነው።